ገድሎ ያልበላ፣ ሳይገድል የበላ

ድብን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው። በአገራችን ጫካ ድብ የለም። በቅርብ ዘመን በአፍሪካ ምድር የኖረው ብቸኛው የድብ ዘር የሞሮኮና የአልጄሪያ ተራሮች ነዋሪ ነበር፤ እሱም በ19ኛው መቶ ዓመት ጠፍቷል። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን ድብ ማለት ዳዊት ጎልያድን ከመግጠሙ በፊት ለሳኦል የተረከለት፣ ከመንጋው በግ ነጥቆ ሲሄድ ተከታትሎ የገደለው አውሬ ነው። መጽሐፉ ዳዊት የድቡን ሥጋ በላ አይልም፤ ቆዳውን ገፎ ለበሰም አይልም። በጉን አዳነ፤ አለቀ። ግድያው ምክንያቱን ይዞ ስለመጣ ማንም ዳዊትን «ለምን?» ብሎ አይጠይቀውም።

እኔ ግን ከጥቅምት ወር ጀምሮ «ለምን?» ብዬ የምጠይቀው ሰው አለኝ። አብሮ አደጌ ነው፤ ሲያትል ከተማ መኖር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። በመጪው ሚያዝያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጸደይ ድብ ሊያድን ተዘጋጅቷል። የጋበዘው አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባው ነው። ወዳጄ በየእሑዱ ይደውልልኛል፤ እሱ ስለ ዝግጅቱ ያወራል፣ እኔ እጠይቃለሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጭውውት የወጣ ነው። ጥያቄው ግን የሁለታችን ብቻ አይመስለኝም። ሰው የማይበላውን እንስሳ መግደል ይገባዋልን? ቢበላውስ፣ መብላቱ ግድያውን ያጸድቅለታልን?

በመጀመሪያ ሰውዬው ነገሩን በዋዛ እንዳልያዘው መመስከር ይገባኛል። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ተኩስ መለማመጃ ይሄዳል። ጥቁሩን ድብ ግሪዝሊ ከሚባለው ቡናማ ድብ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ግሪዝሊ በዚያ አካባቢ በሕግ የተጠበቀ ነውና። ቀለም አያስተማምንም፤ ጥቁር የሚባለው ድብ ቡናማም ዳማም ሆኖ ይገኛል። የሚታየው ትከሻው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ መኖር አለመኖሩ፣ የጆሮው ቅርጽ፣ የፊቱ አወራረድና የጥፍሩ ርዝመት ነው። እናቲቱን ከነደቦሎቿ መግደል ክልክል ስለሆነ፣ ያነጣጠረበት ድብ ብቻውን መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ጣቱን ከቃታው ማራቅ አለበት። ይህን ሁሉ እንደ ተማሪ ያጠናዋል።

ስለ ድቡ ኑሮም ብዙ ተምሯል፤ እኔንም አስተምሮኛል። ቅዝቃዜው በሚጠናበት አገር ጥቁር ድብ ከአምስት እስከ ሰባት ወር በዋሻ፣ በግንድ ሥር ወይም በቆፈረው ጉድጓድ ተኝቶ ያሳልፋል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ሽንትም አይሸናም። በደቂቃ ከ50 ጊዜ በላይ ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 14 ገደማ ዝቅ ይላል። ከክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ሊያጣ ይችላል። እናቲቱ በጥር ገደማ እዚያው በተኛችበት ትወልዳለች፤ ደቦሎቹ ሲወለዱ እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ አይሞሉም። በጸደይ አስቀድመው ብቅ የሚሉት ወንዶቹ ናቸው፤ አራሶቹ በመጨረሻ ይወጣሉ። ሲወጡም የሚበሉት ለጋ ሣርና ቅጠል ነው፤ ከቀናቸው ደግሞ በክረምቱ በረዶ የሞተ የአጋዘን ጥንብ ያገኛሉ።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ሁዳዴ ይዘን ነበር። «እንግዲህ ጾሙን ሲፈታ ልትጠብቀው ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። የድብ ሥጋ ይበላል። አዋቂዎቹ እንደሚሉት ሣር ሲበላ የከረመ የጸደይ ድብ ሥጋው መልካም ነው፤ ዓሣ ሲበላ የሰነበተው ግን ይከረፋል። ፀጉሩና ሞራው ሙቀት ስለሚይዙ እንደወደቀ ቶሎ መገፈፍ፣ ቶሎ መበለትና ሥጋው እንዲቀዘቅዝ ነፋስ ማግኘት አለበት። ሞራው ቀልጦ ሲጠራ ነጭ ይሆናል፤ የድሮ ሰፋሪዎች ይጠብሱበት፣ የሚጋገር ነገር ያሹበት፣ የጫማ ቆዳም ያለሰልሱበት ነበር።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በድብ ሥጋ ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል ጥገኛ ትል ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዘገባ የአንድ ቤተሰብን ታሪክ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዘመዳማቾች ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ተሰብስበው ከካናዳ ሳስካችዋን የመጣ የድብ ሥጋ ጠብሰው በሉ። ሥጋው 45 ቀን በበረዶ ማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር፤ ትሉ ግን በረዶ የሚችል ዓይነት ነበርና አልሞተም። የድብ ሥጋ ጠቆር ያለ ስለሆነ መብሰል አለመብሰሉ በዓይን አልለይ ብሏቸው ያልበሰለውን ቀመሱ። ስድስት ሰዎች ታመሙ። ከስድስቱ ሁለቱ ሥጋውን አልነኩም፤ የበሉት አብሮት የበሰለውን አትክልት ብቻ ነበር። ማዕከሉ ሥጋው ውስጡ ድረስ ቢያንስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ ይመክራል። በአጭሩ፣ ድብ ቁርጥም ክትፎም አይሆንም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ተምሮ ቴርሞሜትር ሳይቀር ገዛ። ይሁንና የቤቱን ነገር ሲያጫውተኝ፣ ባለቤቱ «ከድስቴ አይገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ፣ በመዳፉ የሚሄድ እንስሳ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ርኩስ ተብሏል፤ እሷም የምትኖረው በዚያ ሥርዓት ነው። እሱም ቢሆን ጾሙን የሚጾም፣ ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

«አንተስ ትበላዋለህ?» አልኩት።

«እኔም አልበላውም።»

«ታዲያ ሥጋውን ምን ታደርገዋለህ?»

«ለባልደረባዬ እሰጠዋለሁ።»

«ቆዳውንስ?»

«ቆዳውማ የኔ ነው!»

ነገሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉን ብንጠይቅ ሕጉ ራሱ አንድ አፍ የለውም። ወዳጄ የሚኖርበት የዋሽንግተን ግዛት የዱር እንስሳት ኮሚሽን ለመዝናኛ የሚደረገውን የጸደይ የድብ አደን እ.ኤ.አ. በ2022 አስቁሟል። ተቃዋሚዎቹ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ እናት ደቦሎቿን ዛፍ ላይ ትታ ብቻዋን ሣር ስትግጥ አዳኙ እናት መሆኗን ላያውቅ ይችላል የሚል ነበር። ስለዚህ ወዳጄ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ አይዳሆ መሻገር አለበት። በአይዳሆ የድብ ገዳይ የራስ ቅሉንና ቆዳውን በ10 ቀን ውስጥ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማሳየት ይገደዳል፤ ዕድሜው እንዲጣራም ጥርስ ይነቀላል። ሥጋውን ግን ከጫካ እንዲያወጣ አይገደድም። በአላስካ ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ መጨረሻ የተገደለ ጥቁር ድብ ሥጋው መነሳት አለበት፤ ጥሎ መሄድ ያስቀጣል። እንግዲህ ያው አንድ ዓይነት ድብ በአንዱ ዘንድ ቆዳ፣ በሌላው ዘንድ ምግብ፣ በሦስተኛው ዘንድ በጸደይ የማይነካ ነው።

ለአዳኞቹ መቆርቆርም ፍትሕ ነው። ጥቁር ድብ ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ አይደለም፤ ቁጥሩ ከሌሎቹ ሰባት የድብ ዝርያዎች ድምር እንደሚበልጥ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ መሠረት በአሜሪካ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። አዳኙ የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብም እንዲሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚመልሰው «ድብ ይገደል ወይ?» የሚለውን የመንግሥት ጥያቄ ነው። «አንተ ትገድለው ወይ?» የሚለውን አይመልስም። ወዳጄም ቢሆን የአይዳሆን የድብ ቁጥር ለማመጣጠን ሲል ሌሊት ተነስቶ ተራራ እንደማይወጣ ያውቃል።

ታዲያ ለምን ይወጣል? ለዚህ መልሱ አሜሪካ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ወደ ቤታችን መመለስ ሊኖርብን ነው።

እኛ የገዳይ ልጆች ነን። ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ ጀግና ይዘፈንለት፣ ጆሮው ተበስቶ ወርቅ ይንጠለጠልለት ነበር። ሲፎክር «ገዳይ» ብሎ ይጀምራል። ሥጋውን ስንት ሰው በላው ተብሎ ግን ተጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠየቀው ጭራውን አምጣ፣ ለምዱን አሳይ ተብሎ ነው። በሌላ በኩል በጣና ሐይቅ ዳር ወይጦ የሚባሉ ወገኖቻችን ነበሩ፣ አሉም። ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ነበር። በታንኳ ቀርበው በጦር መግጠም ከዝሆን አደን የሚያንስ ድፍረት አይጠይቅም። ነገር ግን ማንም ጆሯቸውን በወርቅ አላስጌጠም። ይልቁንም ጉማሬ በሊታ ናችሁ ተብለው ክርስቲያኑም እስላሙም ለብዙ ዘመን ተጠየፋቸው። አንባቢ ያስተውልልኝ፦ ገድሎ ያልበላውን አወደስን፣ ገድሎ የበላውን ናቅን። ወዳጄ «ቆዳውማ የኔ ነው» ሲል የተናገረው እሱ ብቻ አልነበረም፤ በእሱ አፍ ብዙ አያቶች ተናገሩ።

ሌላ ዓይነት አያቶች ያሏቸው ሕዝቦችም አሉ። በአላስካ የሚኖሩት ኮዩኮኖች ድብ አዳኞችና ድብ በሊታዎች ናቸው። በእነሱ ባህል ስለ ድብ መፎከር ነውር ነው፤ አዳኙ ለድብ አደን መነሳቱን እንኳ በግልጽ አይናገርም፣ በአግቦ ይጠቅሳል እንጂ። ከገደለም በኋላ ሥጋው የሚበለትበትና የሚበላበት ሥርዓት አለው። ስላቮች ደግሞ የአውሬውን ስም መጥራት ፈርተው «ማር በሊታ» ብለውት በዚያው ቀረ፤ የጥንት ስሙ ከቋንቋቸው ጠፋ። እኛ ገድለን ስማችንን ስንጠራ እነሱ የሟቹን ስም እንኳ ይጠነቀቁለት ነበር።

ስለዚህ ለወዳጄ አንድ ፈተና አቀረብኩለት፤ ፈተናውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 የካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት ግሪዝሊን ለዝና ማደን እንደሚከለክል፣ ለሥጋ ማደንን ግን እንደሚፈቅድ አስታወቀ። አዳኙ ሥጋውን ይወስዳል፤ ጭንቅላቱን፣ መዳፉንና ቆዳውን ግን ለራሱ ማስቀረት አይችልም። ሕዝቡ ሲጠየቅ ብዙው ሰው ጨርሶ ይቅር አለ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር መንግሥት ከነባሮቹ ሕዝቦች በቀር ለማንም የግሪዝሊ አደን ከለከለ። ዕቅዱ ሳይሠራበት ቀረ፤ እንደ ጥያቄ ግን ዛሬም ይሠራል።

«ቆዳው ጫካ ይቀር ቢባል፣ ፎቶግራፍም ባይኖር፣ ሥጋውን ብቻ ተሸክመህ ውረድ ብትባል ትሄዳለህ?» አልኩት።

ስልኩ ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ መግደሌን ማን ያምነኛል?» አለኝ።

መልሱ ቅን ነበርና አከበርኩት። ያን እሑድ በዚሁ ተለያየን። በሳምንቱ ግን ደወለና ተራው የእሱ ሆነ።

«ስማ» አለኝ፣ «ልጆች ሳለን በግ ሊታረድ ሲል ከግቢ የምትጠፋው አንተ አልነበርክም? ዱለቱ ሲደርስ ደግሞ ከማንም ቀድመህ ትቀርብ ነበር። ዛሬም ሉካንዳ ተቀምጠህ ጥሬ ሥጋ ትቆርጣለህ፤ የበሬውን ዓይን አይተህ አታውቅም። እኔ ገድዬ አልበላሁም፤ አንተ ሳትገድል በላህ። ከሁለታችን የሚሻለው ማነው?»

ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ከተሜው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ቢላዋውን ለሌላ ሰጥቶ ሹካውን ለራሱ ያስቀራል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥቶ ሳለ፣ ሆልት ኮሊየር የተባለው መሪው ድብ ይዞ ከዛፍ ጋር አስሮ ጠበቀው። ሩዝቬልት የታሰረ አውሬ አልተኩስም አለ። ዓለም ያንን እምቢታ ወደደውና «ቴዲ ቤር» የሚባለው የሕፃናት አሻንጉሊት ከዚያ ተወለደ። ድቡ ግን ቆስሎ ነበርና ሥቃዩ እንዲያበቃ በቢላዋ እንዲገደል ያዘዘው እሱው ሩዝቬልት ነው። እምቢታውን ሕፃናት ታቅፈውት ይተኛሉ፤ ቢላዋውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሳይገድል የሚበላ ሁሉ የዚህ ታሪክ ዘመድ ነው።

ቢሆንም ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው እላለሁ። ሉካንዳ ቤት የተሰቀለው በሬ የታረደው የሚበላው ሰው ስላለ ነው፤ ፍላጎቱ ቀደመ፣ ሞቱ ተከተለ። እኔ ባላርደውም ያረደው ሰው በእኔ ምክንያት አረደ፤ በእኔና በእሱ መካከል ሥራ ተከፋፈለ እንጂ ምክንያት አልጎደለም። በወዳጄ አደን ግን ሞቱ ቀደመ፤ የሚበላው ሰው የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ሥጋው የግድያው ምክንያት ሳይሆን የግድያው ማስተባበያ ሆነ። አንድ ሰው መጀመሪያ ድርጊቱን ፈጽሞ ቀጥሎ ምክንያት ሲያፈላልግ በሌላ ነገር ብናየው ምን እንደምንለው እናውቃለን።

ከዚህ የምደርስበት ነገር ይህ ነው። ሥጋ ለግድያ ይቅርታ አይሆንም። «እበላዋለሁና ንጹሕ ነኝ» የሚል አዳኝ ራሱን ያታልላል፤ ሱቅ በሞላበት አገር ከሚኖሩት ውስጥ ድብ ካልበላ በረሃብ የሚሞት ጥቂት ነው። ሥጋ ዕዳ ነው። ገዳዩ ጥይቱን በተኮሰባት ቅጽበት ዕዳ ይገባል፤ ዕዳውም ያ ሕይወት በከንቱ እንዳይፈስ ነው። መግፈፉ፣ መሸከሙ፣ ማቀዝቀዙ፣ ቴርሞሜትር ይዞ ምድጃ ሥር መቆሙ የዕዳው አከፋፈል ነው። መክፈል እንደማይችል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መበደር የለበትም።

አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «ለድቡ ምን ልዩነት አለው? ቢበላም ባይበላም ሞተ» አለኝ። ለዚያ ለአንዱ ድብ፣ እውነት ነው፣ ልዩነት የለውም። ለቀሩት ድቦች ግን አለው። ሆድ ልክ አለው፤ ዝና ልክ የለውም። ለመብላት የሚገድል ሰው ማቀዝቀዣው ሲሞላ ይበቃዋል፤ ለስሙ የሚገድል ግን ከትናንቱ የሚበልጥ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ የኢትዮጵያ ቆላዎች የዝሆን አገር ነበሩ፤ ጥርሱን የፈለገ ነጋዴና ስሙን የፈለገ ገዳይ ተረባርበውበት ዛሬ ዝሆን የቀረው እንደ ባቢሌ፣ እንደ ማጎና እንደ ቃፍታ ሽራሮ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው። ረሃብ አልጨረሰውም።

ባለፈው እሑድ ለወዳጄ የነገርኩት ይህንኑ ነው። «ፈቃድህን ቅደድ አልልህም። ነገር ግን ጥይት ከመግዛትህ በፊት በላተኛውን ፈልግ። ባልደረባህ ስላንተ ይሉኝታ ብሎ የሚቀበልህ ሳይሆን ሥጋውን ከልቡ የሚፈልግ፣ ቦታ ያዘጋጀለት ሰው ይሁን። ያን ጊዜ አንተ የእሱ አራጅ ነህ፤ አራጅነት ደግሞ ነውር የለበትም። የሚፈልገው ሰው ካጣህ ግን ጠመንጃውን ለባለቤቱ መልስ።»

ባልደረባውን በግልጽ ጠይቆት ኖሮ መልሱን ነገረኝ። ሰውዬው በየዓመቱ የሚያድነው ለቤቱ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ካጸዳ ሰንብቷል፤ ሚስቱም ሞራውን ለመጋገሪያ ትጠብቃለች። እንግዲህ በላተኛው አለ። እኔ ብሆን አሁንም አልሄድም፤ የሰው ቤት እንዲሞላ የእኔ መተኮስ አያስፈልግምና። እሱን ግን ከዚህ በላይ የምሞግትበት አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ሥጋው ሲበላ ከማዕዱ እንዲቀመጥ። ባይቀምሰውም የራሱን ምግብ ይዞ፣ የጀመረው ነገር የት እንዳለቀ በዓይኑ እንዲያይ።

«እሺ» አለኝ። «አንተም ለፋሲካ በጉ ሲታረድ ከግቢ አትጥፋ። ቢላዋውን ባትይዝ እንኳ ቆመህ እይ።»

እሺ ብዬዋለሁ።